የሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ

ከምሳ በኋላ ድሬዳዋ በሙቀት ስታንቀላፋ ደገፉ አይተኛም። ከዚራ ሰፈር ያለውን ቤቱን መስኮት ዘግቶ፣ ጓዳ ካለው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ፣ እየተገጣጠመ ከሚሠራበት የልጆች ፕላስቲክ መጫወቻ ጡብ የመንገደኛ ባቡር ፉርጎ ይሠራል። ከሚስቱ ከአስካለ ጋር የተዋወቁት እንዲህ ባለ ሁለተኛ ማዕረግ ፉርጎ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነው። ለጋብቻቸው በዓል ሊሰጣት አስቦ፣ የመስኮቱንም የወንበሩንም ልክ ሳያዛንፍ አሳንሶ ይገጣጥመዋል። ጡቦቹን ከሰልባጅ ነጋዴ በጆንያ ነው ያመጣቸው።

መጀመሪያ ያስቸገረው ቅባቱ ነበር። ጡቦቹን በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ቢያሰጣቸውም፣ ወንበር ሆነው በተገጠሙ ማግስት፣ ሰው ጭንቅላቱን ሲያስደግፍበት እንደኖረ ጨርቅ ወዝተው ጣቱ ላይ ተጣበቁ። ቀጥሎ ሽታው መጣ። የላብ፣ የእርጥብ ካልሲ፣ የኮመጠጠ የሕፃን ትፋት ሽታ ነው፤ ጣሪያውን ከከደነ ወዲህ ደግሞ እየወፈረ ሄዶ ምላሱ ላይ እንደ ሞራ ተጋገረ።

«አስካለ፣ የሞተ አይጥ አይሸትሽም?» አለ በሩን ገርበብ አድርጎ።

«እኔ ምንም አልሸተተኝም» አለች ከመኝታ ቤት። «ይልቅ ሬዲዮኑን ቀንስልኝ፤ የሰዉ ጫጫታ አላስተኛ አለኝ።»

ጓዳው ውስጥ ሬዲዮ አልነበረም።

ደገፉ ጎንበስ ብሎ ፉርጎውን አየ። የመስኮቶቹ ፕላስቲክ ከውስጥ አልቦታል። አንደኛው ላይ ትንሽ ጉም ይዞ ይለቃል፣ ደግሞ ይይዛል፤ የተኛ ሰው አፉን አስጠግቶ እንደሚተነፍስበት። ጣሪያውን አነሳ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፤ ግን እርጥብ ናቸው። አንዱን በቢላዋ ፈንቅሎ ሲያነሳው ከሥሩ ረጅም ፀጉር እየተሳበ ወጣ፤ ቢስበው፣ ቢስበው አያልቅም። ጫፉ ሲመጣ፣ ገና ለብ ያለ የራስ ቆዳ ቁራጭ ይዞ መዳፉ ላይ ጠብ አለ። ይሄኔ ከፉርጎው ወለል አንድ ሰው፣ በጨዋ ደንብ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሁሉንም በፌስታል ጠቅልሎ፣ ፊቱን አዙሮ እንደ ሽንት ጨርቅ አንጠልጥሎት፣ በጠራራ ፀሐይ ወደ ደቻቱ ወንዝ ወረደ። ከፌስታሉ አውጥቶ ደረቁ አሸዋ ላይ ሲወረውረው ፉርጎው ተበታተነ። ጡቦቹ ደርቀው፣ ጠርተው፣ ምንም ሳይኖርባቸው ተረጩ። ፀጉርም የለ፤ ሽታም የለ። ደገፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። እጁን በአሸዋ ፈትጎ፣ ልቡ ቀሎት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አስካለ ከእንቅልፏ ተነስታ በር ላይ ቆማ ነበር። ፈገግ አለችለት። ከዚያ ከትከሻው በላይ አሻግራ አየችና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምነው ሰዎቹን ደጅ አቆምካቸው? ግቡ እንጂ፣ ግቡ» አለች፤ ወዲያውም መንገድ እየለቀቀች፣ እንዳያዩባት ቀስ ብላ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች።