ዋሾው ስልክ

«መጥረጊያ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፤ የዛሬው የመጥረግ ተራ የሱ ነው» አለ ደምለው፣ በር ሥር የተደገፈችውን መጥረጊያ እያየ።

መሳፍንት ከአልጋው ቀና እንኳ አላለም። «መጥረጊያ፣ ቆሎ የበተነ ራሱ ይጥረግ በይልኝ።»

ሁለቱ በመጥረጊያ መነጋገር ከጀመሩ ዘጠኝ ቀናቸው። አምበር ከተማ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ፣ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ሲገቡም አንድ ክፍል የተከራዩ ልጆች ናቸው። ያጣላቸው የመሳፍንት ስልክ ነው። መሳፍንት ላጠና እያለ ለሌሊቱ አሥር ሰዓት አላርም ይሞላል። አላርሙ ግን የሚቀሰቅሰው ደምለውን ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ተከናንቦ ያንኮራፋል። በሒሳቡ ፈተና ዕለት ደምለው መረረውና እጁን ሰዶ አጠፋው። መሳፍንት ሲነቃ ፀሐይ ሞቃለች፤ ሮጦ ቢደርስም የፈተናው በር ተዘግቷል።

«አላርሙ አልጮኸም እንዴ?» ሲለው፣ ደምለው ደንግጦ «እኔ አልሰማሁም» አለ። መሳፍንት አላመነውም። ደምለውም የዋሸውን መመለሻ አጣ።

«ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የመሳፍንት አባት ጋሽ ቢተው ናቸው፤ ስንቅ ተሸክመው ከአምበር መምጣታቸው ነው። በሶውና ድርቆሹ ወረደ፤ ደምለውም ሮጥ ብሎ ሽሮ ሠራ። ማዕዱ ቀርቦ መሳፍንት ቀመሰና፣ ልማድ ሆኖበት ወደ በሩ ዞረ።

«መጥረጊያ፣ ጨው የለውም በይው።»

ጋሽ ቢተው መጥረጊያዋን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «ምን ሆነሃል አንተ?»

ነገሩ ወጣ። ሽማግሌው እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ። «ሳትታረቁ እህል አልቀምስም!» አሉ። ጠዋት የወጡ ናቸውና ሆዳቸው ጮኸ፤ እሳቸው ግን ያልሰሙ መሰሉ።

መሳፍንት «አላርሙን ሞልቼ ነበር»፣ ደምለው «ሲጮኽ አልሰማሁም» ሲሉ አዳምጠው ፈረዱ። «ደምለውን ዳዴ ሲል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አይዋሽም። ልጄም አይዋሽም። እንግዲያ ዋሾው ስልኩ ነው!» ስልኩን አንስተው ከጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ይዤው እሄዳለሁ። በምትኩ አውራ ዶሮ እልክላችኋለሁ። እሱ እቴ፣ ቻርጅ አያልቅበት!»

ደምለው ሳቁ መጣ። ከዚያ መሳፍንትን አየው። የትምህርት ማስታወሻው ሁሉ ያለው ስልኩ ላይ ነው፤ ግን አልተከራከረም፤ አንገቱን ደፍቶ የእንጀራውን ጠርዝ ይቆራርሳል። ደምለው ሳቁን ዋጠው። በራሱ አፈረ።

«በል፣ የዕርቅ ጉርሻ!» ጋሽ ቢተው አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው መጀመሪያ ወደ ደምለው ዘረጉ። «ለማይዋሸው ልጄ።»

ደምለው አፉን ገጠመ።

«ምነው? ጨው የለውም ብለህ ነው?»

«አባባ… ስልኩ ጮኋል።»

ጉርሻው አየር ላይ ቀረ። ሽሮው በሽማግሌው ጣቶች መሃል ጠብ ጠብ አለ።

«መጥረጊያ…» ብሎ ጀመረ መሳፍንት። ከዚያ ተወውና፣ በዘጠኝ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ደምለውን ፊት ለፊት አየው።

«ቶሎ ተናገር እንጂ አንተ! አባቴ እኮ ርቧቸዋል።»