የድስት ቂጥ

«ዛፍሽን አገኘሁልሽ!» አለ ድዋይት የበቆሎ ዳቦውን እየገመጠ። «ሙሉ ግንድ! ቅርፊቱ የዓሣ ቆዳ ነው የሚመስለው። አስተማሪሽ ጉድ ነው የምትለው።»

ኦፓል ደስ አላት። ለሳይንስ ትምህርት የጥንት ዛፍ ቁራጭ አምጡ ተብለው፣ ወንድሟን የለመነችው እሷ ናት።

«የት አገኘኸው?»

«ማዕድን ማውጫው ውስጥ ነዋ፣ ከምሠራበት በላይ ጣሪያው ላይ። የድስት ቂጥ ነው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። በዚያ ሸለቆ ይህን ስም የማያውቅ ልጅ የለም። ሰው ሳይፈጠር ረግረግ ላይ ቆሞ የነበረ ዛፍ ነው። ከሥሩ የወደቁት ዛፎችና ቅጠሎች በመሬት ክብደትና ሙቀት የድንጋይ ከሰል ሆኑ። እሱን ግን እንደቆመ ደለል ዋጠው፤ ሆዱን የሞላው ጭቃ ድንጋይ ሆነ፣ ቅርፊቱ ብቻ ከሰል። ቆፋሪዎቹ ከሰሉን ከሥሩ ሲያወጡት ግንዱ፣ ከታች ሲያዩት እንደ ድስት ቂጥ ክብ ሆኖ፣ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እንዳይወድቅ የያዘችው ያቺ ስስና አዳላጭ ቅርፊት ብቻ ናት። ሲወድቅ አያስጠነቅቅም። አባታቸውን የወሰደው እንዲህ ያለ ግንድ ነው፤ ሬሳ ሣጥኑን እንኳ አልከፈቱላቸውም።

«ለአለቃህ ነገርከው?»

«ሞኝ ነሽ እንዴ? ከነገርኩትማ በብረት ቸንክሮ ያስቀረዋል። ዛሬ ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ በዘንግ አወርደዋለሁ።»

«ለብቻህ? ተው ድዋይት፣ አልፈልገውም! በቃ፣ ሌላ ነገር እወስዳለሁ።»

«አንቺ ፈሪ! አባዬ እኮ ከሥሩ ቆሞ ነው። እኔ ከጎን ነኝ።» ጸጉሯን አመሰቃቀለው። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ከሰሙ ዛሬውኑ ነው የሚያባርሩኝ። እሺ?»

«እሺ» አለች። በዚያ ቤት ደመወዝ የሚያመጣው እሱ ብቻ ነው።

የድዋይት መኪና ቁልቁለቱን ወረደ። እናታቸው ጓሮ ልብስ እያሰጣች መዝሙር ታዜማለች። ኦፓል ልትጸልይ ዓይኗን ጨፈነች። «ጌታ ሆይ፣ ጠብቀው» አለችና ቀጣዩ ቃል ጠፋባት። አምጣልኝ ያለችው እሷ ናት፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነ የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት።

ስልኩን አንስታ ወደ ማዕድን ማውጫው ቢሮ ደወለች።

«አቤት» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ።

«ጌታዬ፣ ውስጥ ጣሪያው ላይ የድስት ቂጥ አለ። አንድ ሰው ለብቻው ሊያወርደው ነው፣ በምሳ ሰዓት።»

«ማነው እሱ?»

በመስኮቱ እናቷን አየቻት፤ የድዋይትን የሥራ ሸሚዝ ገመዱ ላይ እየዘረጋች ነው።

«የኔ ልጅ፣ ስሙን ካልነገርሽኝ የቱ ጋ ሄጄ ልፈልገው?» አለ ሰውየው።

«ድዋይት ሃርለስ» አለች ኦፓል። ሰውየው እንዳይሳሳት ቀስ ብላ ደገመችለት።