አሥራ ዘጠኙ የቀሬማ ሰንሰለቶች

በቀሬማ መንግሥት፣ በንግሥት አደይ ዘመን፣ ሰንሰለት ማንም ሳይነካው ዘፈነ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ልጆቼ።

ቀሬማን አንድ ጥልቅ ገደል ለሁለት ይከፍላታል። የጥንት ሰዎች ከምዕራቡ ዐለት እስከ ምሥራቁ ዐለት አንድ ሰንሰለት ዘርግተው፣ እንጨት ረብርበውበት ይሻገሩበት ነበር፤ የላላና የሚወዛወዝ ድልድይ። የንግሥቲቱ አያት ግን ገደሉ በየዓመቱ እየሰፋ መሄዱን አዩና «አገሬ እያየሁ አይሰነጠቅም!» ብለው ሰንሰለቱን አስወጠሩት። ከዚያ ወዲህ በየጊዜው፣ በማሰሪያ በዓል ቀን፣ አንድ ወፍራም ሰንሰለት ይጨመር ጀመር። በሰማንያ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ደረሱ።

ሃያኛው ሊታሰር በተዘጋጀበት ቀን አሥራ ዘጠኙም እንደ በገና አውታር ጮኹ። የምንጮች ውሃ ፈላ። እባቦች በጠራራ ፀሐይ ከጉድጓዳቸው ወጡ።

ንግሥቲቱ ሐመልማል የምትባለውን ወጣት አስጠሩ። ሥራዋ የሰንሰለቱን ቀለበቶች በትንሽ መዶሻ እየመታች የተሰነጠቀውን በድምፁ መለየት ነው። እናቷ እመት ብርቄ በምሥራቁ ዳር አዋላጅ ናቸው።

«ከታች ሆኖ አገሬን የሚጎትት አውሬ አለ» አሉ ንግሥቲቱ። «ውረጂና ግደይው!»

«እውነቱን ሳልይዝ ብመለስ የረገጥኩት መሬት ይክዳኝ!» ብላ ማለች።

ከእርሷ ጋር ጓንጉል ወረደ፤ ከሰንሰለቶቹ ግማሹን በእጁ የሠራ ሽማግሌ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በገመድ ወረዱ። ጓንጉል ጉልበቱን እያሸ «አውሬው ራሱ ወደ እኛ ቢወጣ ምን ነበረበት!» ይል ነበር።

ከገደሉ ሥር ሁለት ፍጡራን ጀርባ ለጀርባ ሆነው ተገኙ፤ ኩምባና ዳምባ። እንደ ዔሊ ድንጋይ የለበሱ፣ ተራሮችንና ከተሞችን የተሸከሙ ናቸው። በመካከላቸው ቀይ እሳት እየፈለቀ፣ እየበረደ፣ ጥቁር ወለል ይሆናል። ጓንጉል ጦሩን ወረወረ። ጦሩ ተሰበረ፤ ኩምባ ግን ዝንብ ያረፈበት ያህል እንኳ አልተሰማውም።

ሐመልማል መዶሻዋን አውጥታ እግሩን ቀስ ብላ መታች። እንደ ደወል አስተጋባ። ኩምባ ዓይኑን ገለጠ።

«ለምን ትለያዩናላችሁ?» አለችው።

«በዚህ ዓመት ጥፍርሽ ምን ያህል አደገ?»

«ጥፍሬን ምን አመጣው?»

«እኔም በዓመት የምሄደው ያንኑ ያህል ነው። ዳምባም እንዲሁ። ከኋላችን እሳቱ እየበረደ አዲስ የባሕር ወለል ይሆናል፤ ከፊታችን ያረጀው ወለል አንገቱን ደፍቶ ወደ እሳቱ ይመለሳል። ጥንት ሁላችንም ተቃቅፈን የተኛን አንድ ምድር ነበርን። ምድር ክብ ናትና፣ እዚህ ጀርባ የተሰጣጡ በወዲያ በኩል ፊት ለፊት ይገናኛሉ።»

«እንግዲያ ቁም!»

«አቁማችሁኛል እኮ። ሰማንያ ዓመት ሰንሰለታችሁ ይዞኛል። የተበጠሰ ዕለት ግን የሰማንያ ዓመቱን መንገድ በአንድ እርምጃ እሄደዋለሁ። ያኔ በጀርባችን ላይ የሚቆም ቤት የለም።»

ጓንጉል ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «ደኅና ብረት ነበር» አለ በቀስታ።

ወደ ቤተ መንግሥት ሲመለሱ ንግሥቲቱ ተቆጡ። «ግደይው ብዬ ብልክሽ ሰንሰለቱን ፍቺ ትይኛለሽ?»

«ግርማዊት ሆይ፣ አንድ በአንድ ከፈታናቸው ምድሪቱ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ካልፈታናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።»

ንግሥቲቱ የሃያኛውን ሰንሰለት ማሰር አስቆሙ። ከዚያም «ሕዝቡ ከየቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይስፈር» ብለው አዘዙ።

በየቀኑ አንድ ሰንሰለት ተፈታ። በየቀኑ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ግንብ ተሰነጠቀ፣ እንስራ ተሰበረ፣ ሰው ግን አልሞተም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የቀረው አሮጌው ድልድይ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሚፈታው ከምዕራቡ ዳር ነው። የትኛው ቀለበት ሳይፈነዳ እንደሚለቅ በድምፅ የምትለይ ደግሞ ሐመልማል ብቻ ናት።

«እማ፣ ተሻገሪ!» ብላ ተጣራች።

«ሁለት ነፍሰ ጡር አለብኝ! አንዷ መንታ ነው ያረገዘችው! ለማን ልተዋቸው?» አሉ እመት ብርቄ ከወዲያ።

«እኔ ልምጣ?»

«ከዚያስ ማን ይፈታዋል? የጓንጉል እጅ እንደሆነ ይንቀጠቀጣል!»

«የማን እጅ?» አለ ጓንጉል ተቆጥቶ፤ መዶሻውም አመለጠውና እግሩ ሥር ወደቀ።

ሐመልማል ጆሮዋን ብረቱ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ መታችው። ድልድዩ ተጠቅልሎ ወደ ገደሉ ገባ፤ ምድር ተናወጠች፤ አቧራው ሲረግፍ በሁለቱም ዳር ከተሞቹ ቆመው ታዩ። ከዚያ በኋላ ግን ያንን ገደል የተሻገረ የለም።

በማግስቱ ጠዋት የሕፃናት ልቅሶ ከወዲያ ተሰማ። እመት ብርቄ እጃቸውን ሳይታጠቡ ገደሉ አፋፍ መጡ።

«ሐመልማል! ኩምባ ከምድር ወዲያ በኩል እንገናኛለን ብሏል አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ፣ እማ!»

«መቼ?»

«ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ነው!»

እመት ብርቄ የገዛ ጥፍራቸውን አዩ።

«እንግዲያ ጥፍርሽን አትቁረጪ፣ ልጄ!»

በቀሬማ የማሰሪያ በዓል የሚባል ዛሬ የለም። በዚያ ቀን ግን በሁለቱም ዳር ያሉ ሴቶች ወደ አፋፉ ወጥተው፣ ዓመት ሙሉ ጥፍሩን ያልቆረጡትን አውራ ጣታቸውን አንሥተው ለወዲያኞቹ ያሳያሉ።