ሳይነበብ የጸደቀ

ጽናት ቅጣው ባምላኩን የወደደችው ሥራ ሊያቀልላት መጥቶ ነው። እሷ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው የባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ ሸማኔዎች ማኅበር ጸሐፊ ናት፤ እሱ ከደብረ ብርሃን የተላከ የኮምፒውተር ባለሙያ። የማኅበሩን ሥራ ለአራት ሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች አከፋፈለው። አንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ለሸማኔዎች ያድላል፣ ሦስተኛው ማን እንደዘገየ ይቆጥራል፣ አራተኛው ሦስቱን ያቀናጃል።

«የሁሉም አለቃ ማን ነው ታዲያ?» አለችው።

«አንቺ ነሻ! ‹ይጽደቅ› ካላልሽ ምንም አይፈጸምም።»

ይህን ሲል ዓይኑን ከስክሪኑ አንስቶ እሷ ላይ ተከለው።

መጀመሪያ ሰሞን የሚመጣላትን ዝርዝር ሁሉ ስም በስም ታነብ ነበር። ፍቅሩ ሲጠና ማንበቡ ቀረ። እሱ ያበጀው ነገር ይሳሳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሞኝነት ነው፤ የወደደ ሰው ግን መቼ ብልህ ሆኖ ያውቃል?

የካቲት ላይ አንድ ከሰዓት ባምላኩ ሻይ ይዞላት መጣ። ስክሪኑ ላይ የአሥራ አንድ ሸማኔዎች ስም ተደርድሯል። ጽናት ከእሱ ጋር እየሳቀች ‹ይጽደቅ› የሚለውን ነካችው።

ከአሥራ አንዱ አንዱ አባቷ ነበሩ።

አቶ ቅጣው በሚካኤል፣ በማርያም፣ በጊዮርጊስ፣ በመድኃኔ ዓለም እጃቸው ክር አይነካም። ጎረቤት ሲሞትም ለቅሶው እስኪያበቃ ሽመናው ይቆማል። በዚያ ወር ደግሞ ሁለት ሰው ቀብረዋል። ቆጣሪው ረዳት በዓል አያውቅ፣ ለቅሶ አያውቅ፤ ሥራ የቆመበትን ቀን ብቻ ቆጠረ።

ማታ አባቷ ስልካቸውን ሰጧት። «ምን ይላል?»

«በትጋት ማነስ... ከትእዛዝ ዝርዝር ወጥተዋል።»

ሁለት ጊዜ አስነበቧት። አርባ ዓመት ባና የሠሩ ሰው ናቸው።

ባምላኩ ሲሰማ ደነገጠ። በዓሉንም ለቅሶውንም ለረዳቱ አስገባለት፤ ስሞቹም ተመለሱ። አቶ ቅጣው ግን የሽመና ዕቃቸውን ፈታተው ጎተራ ውስጥ ከተቱት።

ከፋሲካ በኋላ የባምላኩ ሽማግሌዎች መጡ።

«ሰነፍ ብሎ ስሜን ላጠፋ ሰው ልጄን ልዳር?» አሉ አቶ ቅጣው።

«ልጃችን አጥፍቷል፤ ይቅር ይበሉት» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ፣ አቶ ጌጡ።

«አይሆንም!»

ጽናት ጓዳ ሆና ትሰማለች። ዝም ብትል ባምላኩን ታጣለች፤ ብትናገር ደግሞ አባቷን። ወጣች።

«አባዬ፣ እሱ ብቻ አይደለም ያጠፋው። ዝርዝሩን ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። ሳላነብ።»

አቶ ቅጣው አልተቆጡም። ቢቆጧት በተሻላት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺን ያስተማርኩሽ እንድታነቢልኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ውሰዷት። ልጁን ይቅር ብያለሁ። ምርቃት ግን ከእኔ አትጠብቁ፤ አፌ እሺ አይለኝም።»

ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

ጽናት ስትወጣ ባምላኩ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

«ፈቀዱ?»

«ፈቀዱ።»

እልል ሊል ምንም አልቀረው። አነሳት፣ አቀፋት፣ ግንባሯን ሳመ። እንባዋ ትከሻውን ሲያርሰው ሳቀ።

«የደስታ ነው አይደል?» አላት።

ጽናት ይበልጥ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። በትከሻው ላይ አሻግራ፣ አባቷ ብቻቸውን ወደ ገብሱ ማሳ ሲወርዱ ታያቸው ነበር።