አይበላም የተባለው ገብስ

ለሰፊው ሕዝብ በሙሉ! ከዛሬ ጀምሮ የእህል መጋዘኑ በር፣ በር መሆኑ በቀይ ቀለም ተጽፎበታል!

ይህን ያወጁት ጓድ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ ንፋስ መውጫ ገበያ መካከል፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቆመው፣ በድምፅ ማጉያ። በሩ ከዚያ በፊትም በር ነበር። ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ኖሯል። ዳሩ ግን «የሥራ ቦታ ሁሉ ምልክት ይኑረው» የሚል መመሪያ ከበላይ መጥቷል። ስለዚህ በሩ ላይ «በር»፣ ሚዛኑ ላይ «ሚዛን»፣ ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ባልዲ ላይ «የእሳት አሸዋ» ተጻፈ። ባልዲው ውስጥ አሸዋ አልነበረም። ሕዝቡ አጨበጨበ። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ የሚጎርሰው ያጣ እጅ ማጨብጨብ አይከብደውም።

ጸሐፊው ኢሳ ነበር፣ የቆርቆሮ ሠሪው የከቢር ልጅ። የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ ይዘረጋል፤ ፊደሉን በመሮ ይበሳል፤ ቆርቆሮውን ጆንያ ላይ አስደግፎ ቀለም የነካ ጨርቅ ሲያሽበት ጽሑፉ ቁልጭ ይላል። ገብሱን «ገብስ»፣ ስንዴውን «ስንዴ» ማለት ቀላል ነው። የከበደው ራስ ቅሉ ነው። ለዘር የመጣው እህል ነቀዝ እንዳይበላው መርዝ ተቀብቶ፣ እንዲለይም ቀይ ተነክሮ ነበርና፣ በየጆንያው ላይ ራስ ቅልና ሁለት አጥንት፣ ከሥሩም «መርዝ አለው። አይበላም።» እንዲታተም ታዘዘ። ኢሳ ራስ ቅል አይቶ አያውቅም። ከሐሳቡ ሲሠራው ጥርሱን አበዛበትና የሚስቅ ራስ ቅል ሆነ።

ከፈትለወርቅ ጋር ያስተዋወቀውም ይኸው ሳቂታ ነው።

ጆንያ ሰፊ ነበረች። አባቷ አለበል ከከተማው በታች ቁልቁለቱ ላይ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። በሬዎቻቸው ሲያልቁባቸው እሷ ለቀን ሥራ መጋዘን ወጣች። አንድ ረፋድ ደክሟት፣ ቀለሙ ያልደረቀ ጆንያ ላይ ጀርባዋን ጣል አደረገች። ስትነሣ ራስ ቅሉ አብሯት ተነሣ።

ገበያውን ልታቋርጥ ስትል ኢሳ ሮጦ ደረሰባት።

«እህት ዓለም! ቁሚ! ቁሚ እባክሽ!»

«ምን ሆንክ?»

«ጀርባሽ ላይ... ሞት አለ።»

ጀርባዋን ለማየት አልዞረችም። እሱን ነው ያየችው፣ ከእግሩ እስከ ራሱ።

«ሞትማ ዘንድሮ የማን ጀርባ ላይ የለም? አንተ ዛሬ ነው ያየኸው?»

በነጭ ጋዝ ላስለቅቅልሽ ብሎ አሸው። ቀለሙ ሰፋ። ፊት ይስቅ የነበረው ራስ ቅል አሁን ተንከተከተ። ያላት ቀሚስ ደግሞ እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሸካሚዎቹ ስሟን ረሱት።

«አንቺ አይበላም! እስቲ መርፌውን አቀብይን!»

«ጥርስ የሌለው ሁሉ እንዲያ ነው የሚል!» ትላለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ኢሳ ብቻ ፈትለወርቅ ብሎ ይጠራታል። ስሟን ሙሉውን፣ ቀስ አድርጎ፣ ፊደሉን ቆርቆሮ ላይ እንደሚበሳ ሰው። እሷም ይህን አወቀች። ሴት ልጅ ስሟን ማን እንዴት እንደሚጠራው ታውቃለች።

በሁለቱ መካከል ማንም ያልጻፈው፣ ከኢሳ ቆርቆሮ በፊት የነበረ ሌላ «አይበላም» ነበር። የእሱ ቤት ያረደውን የእሷ ቤት አይቀምስም፤ የእሷ ቤት ያረደውንም የእሱ። አንድ ቀን እናቱ ሰዒዳ የቋጠሩለትን የገብስ ንፍሮ ፈትቶ ፊቷ አስቀመጠ።

«ከእኔ ቤት... ትበያለሽ?»

«ያረዳችሁትን አልበላም» አለች። ቀጥላ እጇን ዘረጋች። «ንፍሮን ማን ያርደዋል?»

ግማሹን በላች። ግማሹን በቀሚሷ ጫፍ ቋጠረች። «ለአባዬ ነው» አለች፣ ሳይጠይቃት። ከዚያ ወዲያ የኢሳ ምሳ ሁልጊዜ ለሦስት ሰው ሆነ። ጆንያ ቆጣሪው «ይሄ ልጅ ከስቷል» ሲል፣ «ፍቅር ነው» አሉት ተሸካሚዎቹ። እውነታቸውን ነበር፤ ግን ምሳውም ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ፣ ከሥራ ሲወጡ፣ በቀሚሷ ጫፍ የተቋጠረው ነገር ቀልቶ አየው።

«ፍቺው!» ጮኸባት። ሰው ዞረ። «ፍቺውና ጣዪው!»

ፊቷ ተለዋወጠ። ቋጠሮውን ፈትታ ቀዩን ገብስ እግሩ ሥር በተነችው።

«ሌባ አልከኝ? ከወለል የለቀምኩትን... በሰው ፊት! አንተ! የንፍሮህን ዋጋ ነው የምታስከፍለኝ?»

ሄደች። በማግስቱ ሰላም አላለችውም። በሦስተኛውም። ስሟን ሲጠራ ሌላ ሰው የጠራ ይመስል ዞር ዞር ብላ ታይና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

በአራተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ አንዲት ርግብ በሁለት እጁ ይዞ መጣና አጠገቧ ቁጭ አለ። ርግቧ የተበተነውን ገብስ ለቅማለች። አንገቷን ማቅናት አቅቷታል። ክንፏ ይንቀጠቀጣል። አዩአት፤ እጁ ላይ እስክትሞት።

«ሌባ አላልኩሽም» አለ ኢሳ። «ፈርቼ ነው።»

ፈትለወርቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አጥበን ልንበላው ነበር... አጥበው የሚበሉ አሉ እኮ።»

«አሉ። ማይልኝ፣ ፈትለወርቅ። ራስ ቅል ካለበት ጆንያ አንድ ፍሬ እንዳትቀምሺ። አባትሽም።»

«እሺ።»

«እሺ አይበቃም! ነገ ረሃቡ ሲጠና እኔ ራሴ መጥቼ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ ብዪ ብልሽ እንኳ እንዳትሰሚኝ። ሰው ሲራብ ይዋሻል። ሲያፈቅር ደግሞ ይብስበታል።»

ነጠላውን ከፊቷ ገለጠች። ዓይኗ እርጥብ ነው፤ አፏ ግን ሊስቅ ቃጥቶታል።

«ሲያፈቅር አልክ?»

«አልኩ።»

«ማርያምን አልበላም» አለች። «አንተም ብትለኝ አልሰማህም።»

ርግቧን ከአጥሩ ሥር ቀበሯት። የመተጫጨት ሥርዓት ይሁን ቀብር፣ ያየ ሰው ቢኖር መለየት ባልቻለ ነበር።

ግንቦት ላይ የሚሰፋ ጆንያ አለቀ። የቀን ሠራተኞች ተሰናበቱ። ፈትለወርቅም ወደ አባቷ ቤት ወረደች። ከዚያ የሚመጣው ወሬ አጭር ነበር፤ እነ እገሌ ቤት ዘጉ፣ እነ እገሌ ቀበሩ። ከመጋዘኑ በር ወደ ገበሬ የሚወጣው እህል ደግሞ ዘር ብቻ ነው። ራስ ቅል የሌለበት ጆንያ ከበሩ አያልፍም፤ ሚሊሺያው አያሌው በብረት መውጊያ እየወጋ፣ ፍሬው ቀይ መሆኑን አይቶ ነው የሚያሳልፈው።

ኢሳ አሰበ። ለሠራተኛ የሚደርሰውን የወለል ጥራጊ፣ መርዝ ያልነካውን ገብስ፣ ሲያጠራቅም ሰነበተ። ግማሽ ጆንያ ሲሆንለት እናቱን እጅ የሚያቀላውን እንሶስላ ለመናቸው። ሰዒዳ ሥሩን ቆፍረው፣ ወቅጠው፣ በትልቅ ገበታ አቀረቡለት።

«ለሙሽራ ነው?»

«አዎ፣ እማ።»

«ይሄ ሁሉ? ስንት እጅ አላት?» ገብሱን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። «ማን ናት?»

«ስትተርፍልኝ እነግርዎታለሁ።»

ሰዒዳ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገብሱን አብረውት አሹ። ደርቆ ሲታይ ከመርዙ ቀይ የሚለየው የለም። ኢሳ ጆንያው ላይ ያንን የሚስቅ ራስ ቅል በገዛ እጁ አተመበት። በሕይወቱ የጻፈው የመጀመሪያ ውሸት እሱ ነው።

በእደላው ቀን ጓድ ቀለመ ወርቅ ረዥም ንግግር አደረጉ። በአውራጃችን ረሃብ የለም፤ ያለው የዘር እጥረት ነው፤ እሱም ዛሬ ተወገደ አሉ። ፈትለወርቅ ተራዋ ሲደርስ ቀረበች። ያ ቀሚስ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆኗል፤ ጀርባው ላይ ያለው ራስ ቅል ግን እንደወፈረ ነው። አያሌው ወጋ፤ ቀይ አየ። «እለፊ!»

ኢሳ ጆንያውን ሊያሸክማት ጎንበስ አለ። ጊዜው አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ይሄኛው ይበላል» አለ በጆሮዋ። «እጠቢውና ብሉት። ወላሂ!»

ቀና ብላ አየችው። ብዙ አየችው። እንዲህ አድርጎ ማንም አይቶት አያውቅም።

«ሰምቻለሁ፣ ኢሳዬ» አለች። «ሲያፈቅር ይብስበታል አላልከኝም?»

ሳቀችለት። እሱም ሳቀ። ከዚያ ጆንያውን ተሸክማ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ራስ ቅል በራስ ቅል ላይ።

በሳምንቱ ኢሳን ጆንያ እንዲያትም ብለው እስቴ ላኩት። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጣለ። እዚያ ከመንገድ ዳር ቆሞ ገበሬው ሲዘራ አየ። እጅ እንቅብ ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ይበትናል። የእስቴው ካድሬ በበቅሎ ላይ ሆነው ይመለከታሉ። ሁሉም ደስ ይላል። ወፎቹ ብቻ አልወረዱም። ከዘሪ ኋላ ወፍ ሲጠፋ ኢሳ ያን ጊዜ ገና ማየቱ ነበር። የሚበተነው አየር ነበር። ዘሩ ታጥቦ ተበልቷል። በዚያ ሰሞን እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በዛ። ብርድ ነው ተባለ። እውነትም ክረምት ነበር።

ኢሳ ግን በየሌሊቱ ሲተኛ አንድ ነገር ያጽናናዋል። «የእኔዋ በልታለች» ይላል። «ማሳዋ ባዶ ነው፤ ሆዷ ግን...»

ሐምሌ ላይ ተመለሰ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጓድ ቀለመ ወርቅ አስጠሩት። ቡቃያ ሊጎበኝ ነው። በጣም ያማረው ማሳ ላይ የሚተከል ሰሌዳ ይጻፍ ተባለ። «አርአያ ማሳ» ብሎ ጻፈና ተሸክሞ ከጓዱና ከአያሌው ጋር ቁልቁለቱን ወረደ። ዛሬ ያያታል። ምናልባት ወፍራለች።

ገበሬዎቹ እጃቸውን ጋቢ ውስጥ ከተው ተሰልፈው ጠበቁ። ከጀርባቸው ማሳው ሁሉ እርጥብ፣ ጥቁር፣ ባዶ።

«ዘንድሮ ቡቃያው ዘግይቷል» አሉ ጓድ ቀለመ ወርቅ።

«ዘግይቷል፣ ጌታው» አሉ ገበሬዎቹ።

ጥጉን ሲታጠፉ አንድ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው። በዶማ የተቆፈረች ትንሽ ማሳ። ገብሷ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሎ ጠል ተሸክሟል። አለበል ዳሯ ላይ በከዘራቸው ተደግፈው ቁጭ ብለዋል።

«ይሄው!» ጓዱ በደስታ ጮኹ። «ማነው የዘራው?»

«ልጄ ናት።»

«ትጠራ!»

አለበል በከዘራቸው ከማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አመለከቱ።

ሰሌዳው ከኢሳ ትከሻ ወረደ።

«አያ አለበል... ለምን? ለምን አልበላችሁትም?»

ሽማግሌው ድምፁን ሰምተው ቀና አሉ።

«አንተ ነህ ያ ጸሐፊው? እኔማ እንብላው አልኳት። ‹ምያለሁ አባዬ› አለችኝ። ‹መጥቼ ብዪ ብልሽም እንዳትሰሚኝ ብሎኛል። ይኸው አዝኖልኝ ሊዋሸኝ መጣ› አለች። ደስ ብሏት ነበር እኮ! እሷ በዶማ ቆፍራ፣ በእጇ በትና... ከዚያ ተስቦ ገባ። ባዶ ሆድ አገኘ።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት። «ስትገነዝ አየኋት። መዳፏ እንደ ሙሽራ ቀይ ነው። መርዙ ይሆናል ብዬ አጠብኩት። አልለቅ አለኝ።»

«መርዝ አይደለም» አለ ኢሳ። ጉልበቱ ጭቃው ላይ ነው። ጓዱ ይስሙ፣ አያሌው ይስማ፣ ግድ አልነበረውም። «እንሶስላ ነው። የእናቴ እንሶስላ። ንጹሕ ገብስ ነበር። ይበላ ነበር...»

አለበል የኢሳን ራስ በመዳፋቸው ያዙት።

«እንግዲያስ ልጄ፣ ሙሽራህን ነው የቀበርኩልህ።»

አለቀሱ፤ ሁለቱም፤ ያለ ድምፅ።

ጓድ ቀለመ ወርቅ ያልሰሙ መሰሉ። ሰሌዳው ይተከል ብለው፣ ከደረት ኪሳቸው ንግግራቸውን አወጡ። «በአውራጃችን ረሃብ...» ብለው ጀመሩና ቆሙ።

እንደ አገሩ ስም ቢሆን ንፋስ የማይነፍስበት ቀን ብርቅ ነው። በዚያ ቀን ግን ገብሱ ላይ ያለው ጠል እንኳ አልተነቃነቀም። ወረቀቱ በጓዱ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። በሌላው እጃቸው ሊያረጋጉት ሞከሩ፤ እሱም ይንቀጠቀጣል።

ገበሬዎቹ አዩ። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እነሱም የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡ።