ቀይ ምልክት በቢሻሮ በር ላይ

ዋበሪ በወተት ሻጯ በቢሻሮ ዳስ በር ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ፤ ማጅራቱን በድንጋይ ብለውታል። የጅጅጋ ከተማ ፕላን ኃላፊ ነበር። የዳሶቹን ረድፍ በሙሉ «ይፍረስ» ብሎ በቀይ ቀለም ምልክት ያደረገው እሱ ነው፤ ዶዘሩም ለማግስቱ ጠዋት ተቀጥሮ ነበር። ፖሊስ ታዲያ ምን አደረገ? ቢሻሮን አስሮ አረፈው! በሯ ላይ ያለው ምልክት ግማሹ ተፍቋላ፤ «በቀለም ማስለቀቂያ በቲነር ስትፍቅ ደረሰባትና ገደለችው» አሉ።

ያን ቀን ጫት የጫነው መኪና ካራማራ ተራራ ላይ ተበላሽቶ ከተማው በሐራራ ሲያዛጋ ውሏል። ዋበሪ ከምሳ በኋላ ሲገደል ሱቁ ሁሉ ዝግ ስለነበር ያየ የለም።

ኢንስፔክተር ኒምኮ በማግስቱ በጠዋት ሆስፒታል ሄዳ የሟቹን ጣቶች አሸተተች። ከዚያ ወደ ጣቢያ አለፈች።

«ኢዶ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለቻት ቢሻሮን፤ በሶማልኛ «አክስቴ» ማለቷ ነው።

«አሽትቺው! ወተት ከመቅዳት ሌላ ምን ያውቃል?» አለች ቢሻሮ። «ልጆቼ የሚበሉት ከዚያች ዳስ ነው። ዛሬ ከፈረሰች ብፈታስ የት ልገባ?»

እጇ የታጠነ የወተት ዕቃ ጢስ ይሸታል።

የዳስ ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ገብረየስ ገና ሳይጠየቅ ጦፏል።

«ዋበሪን ትናንት ጠዋት ልክ ልኩን ነገርኩት! መንገዱ ይስፋ ይላል፤ ለማን? ይሄን ገበያ ሸማቹ ራሱ በእግሩ መጥቶ ነው ያቆመው። ወተት የፈለገ ሰው ፎቅ ይወጣል ወይ? አልኩት።»

«ምን መለሰ?» አለች ኒምኮ።

«ከቢሻሮ ወተት ጠጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።»

ነጋዴው ካሂን ከረድፉ ፊት ለፊት ባለአራት ፎቅ የገበያ ሕንፃ አቁሟል፤ ተከራይ ግን የለውም። ነጭ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ተቀበላት።

«ከተማ ሥርዓት ይፈልጋል፣ ኢንስፔክተር።»

ሥርዓት! ሌላውን ሁሉ በመመሪያ አስሮ አንድ ሰው ብቻውን እንዲነግድ ማድረግም ሥርዓት ተባለ።

«ትናንት ከምሳ በኋላ የት ነበሩ?»

«እንደ ሰው ሁሉ በርጫ ላይ ነዋ! እስከ መግሪብ ሶላት ከቤቴ አልወጣሁም።»

ዶዘሩ ሞተሩን አስነስቶ ረድፉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ኒምኮ ቢሻሮን ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም ዳሷ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ቲነር የሸተተኝ የዋበሪ ጣት ነው» አለች። «የኢዶ እጅ ጢስ ነው የሚሸተው፤ ቲነሩን ታጥባው ቢሆን ጢሱም አብሮ በሄደ። ምልክቱን ሲፍቅ የነበረው ራሱ ያደረገው ሰው ነው። ሐሳቡን ቀይሯል። ይሄ ኢዶን ይጠቅማል፤ የሚጎዳው ማንን ነው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ፎቁ ዞረ።

«ቤቴ ነበርኩ አልኩ እኮ!» አለ ካሂን።

«በርጫ ላይ። ምን ቃሙ? ትናንት ጫት የገባው ከመግሪብ በኋላ ነው። የሚቅም ሰው ያን ቀን አይረሳውም። እርስዎ ግን አይቅሙም፤ ጥርስዎ ይመሰክራል። ጅጅጋ ከምሳ በኋላ ይቅማል ብለው በልማድ ዋሹ።»

«ወይ ጉድ!» አለ ገብረየስ።

የካሂን ፊት ደም ለበሰ። «ዋበሪ ረድፉ ይፈርሳል ብሎኝ ነው እኮ ፎቁን የሠራሁት! ሐሳቡን ቀየረ ሲሉኝ ልለምነው ብመጣ ፊቴ ቆሞ ይፍቃል! ‹ሰው ከፈለገህ ራሱ ይመጣልሃል› ይለኛል!»

በካቴና ወሰዱት። የዶዘሩ ሹፌር ግን ማርሽ አስገባ። «ሰውዬው ቢሞትም ትእዛዙ አልሞተም» አለ። ቢሻሮ ሮጣ በሯ ላይ ተለጠፈች።

«አጥፋ!» ብላ ጮኸች ኒምኮ። «ይሄ ረድፍ በሙሉ የወንጀል ቦታ ነው። አንዲት ቆርቆሮ የነካ ማስረጃ አጠፋ ብዬ ከካሂን ጋር እቆልፍበታለሁ!»

«እስከ መቼ?»

«ምርመራዬን እስክጨርስ። እኔ ደግሞ ቀርፋፋ ነኝ።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ቢሻሮ እንባዋን ጠርጋ የወተት ዕቃዋን አወጣች፤ የመጀመሪያው ገዢዋም የዶዘሩ ሹፌር ነበር።