የዳገቱን ሰፈር ማን ጠየቀ

ሰው በሠርግ ቤት ይተዋወቃል፣ በታክሲ ወረፋ ይተዋወቃል፣ በጎረቤት ይተዋወቃል። እነዚህ ሁለቱ የተዋወቁት ስለ ውሃና ስለ መጸዳጃ ቤት በተጠራ ስብሰባ ላይ ነው። ፍቅር ሲመጣ ቦታ አያማርጥም፤ ምን ይደረግ።

እሷ ከማኅበራቱ ወገን ነበረች። አገሪቱ ለዓለም አቀፍ የልማት ግቦች የገባችውን ቃል ምን ያህል እንደጠበቀች መንግሥት በየጊዜው ሪፖርት ያወጣል፤ የሲቪል ማኅበራቱ ደግሞ «እስቲ እኛም እንየው» ብለው ይመረምሩታል። የማኅበራቱን መርማሪዎች የምትመራው እሷ ናት። ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ የሚያቃጥል ስለሆነ ባልደረቦቿ እንደ ቁንዶ በርበሬ ቆጥረው «ቁንዶ» ይሏታል። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

እሱ ከፕላን ቢሮ ነው፤ የሪፖርቱን የውሃ ምዕራፍ የሚጽፈው እሱ ነበር። ሰው ሲቸኩል ባየ ቁጥር «ቀስ በሉ፣ እንየው» ስለሚል እናት አባቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ «ቀስበሉ» ሆኖ ቀርቷል።

በዚያ የመጀመሪያ ስብሰባ ቁንዶ እጇን አወጣች። «የምዕራፉ ጸሐፊ ከከተማው የውሃ ቦኖዎች ስንቱን በዓይናቸው አይተዋል?» ብላ ጠየቀች።

ቀስበሉ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አንዱንም» አለና ተቀመጠ።

የቢሮ ሰው እንዲህ ሲመልስ ሰምታ አታውቅም። ለክርክር ያዘጋጀችው ሁሉ አፏ ላይ ቀረ። ዞር ብላ አየችው፤ እሱም እያያት ነበር። ማንኛቸውም ዓይናቸውን ለማንሳት አልቸኮሉም።

ከዚያ ወዲህ ከስብሰባ ሲወጡ እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አብረው መሄድ ለመዱ። «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» መጣ። ግን እሷ መርማሪ፣ እሱ ተመርማሪ ስለሆኑ አንድ ደንብ አወጡ፤ ስለ ሥራ ማውራት የለም። ችግሩ ሁለቱም ከሥራ ሌላ የሚያውቁት ነገር አልነበረም።

«ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«የማይነገረውን።»

«እኔም። ታዲያ ምን እናውራ?»

«እኔ እንጃ። አንተ ጀምር።»

ጎንበስ ብሎ አየና «ጫማሽ አልቋል» አላት።

«ዳገት በልቶት ነው። እናቴ የምትኖረው ዳገቱ ሰፈር ነው።»

ዳገቱ ሰፈር ሲባል ሁለቱም ደንቡ ጋ ደረሱ። እዚያ ቦኖ ከተተከለና ሪባን ከተቆረጠ ቆይቷል። ውሃው ግን ዳገቱን የሚያወጣው ፓምፕ ይፈልጋል። የቀስበሉ ምዕራፍ «ተጠናቋል» ብሎ ከጸደቀ ለፓምፑ የተያዘው በጀት ወደ ሌላ ይዞራል፤ የቁንዶ እናትም በስተርጅና ጀሪካን እንደተሸከሙ ይቀራሉ። ቁንዶ ይህን ታውቃለች። እሱም ያውቃል። እጁን ሰዶ እጇን ያዘ፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ አልለቀቀውም።

የቢሮው ኃላፊ የቀስበሉ አጎት ናቸው። አባቱ ሲሞት አሳድገው፣ አስተምረው፣ ሰው ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ሪፖርቱ የሚጸድቅበት ሕዝባዊ ጉባኤ ሲቃረብ ማኅበራቱ በደንቡ መሠረት የምርመራ ውጤታቸውን ለቢሮው ላኩ። ከታችኛው ሰፈር እስከ ዳገቱ ያየናቸው ቦኖዎች ሁሉ ደረቅ ናቸው ይላል።

«ጉድ አደረጉን» አሉ አጎቱ፣ ወረቀቱን እየገፉለት።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ እንየው።» አነበበ። አነበበና ክው አለ። «ሁሉንም ያዩት እሁድ እሁድ ነው» አለ፣ ሳያስበው። «የታችኛው ሰፈር እኮ እሁድ ፈረቃው አይደለም። ውሃ የሚያገኘው በሌላ ቀን ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ቃሉን ሊመልሰው ቢፈልግም አጎቱ አንዴ ሰምተዋል።

«በጣም ጥሩ» አሉ ቀስ ብለው። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ሐሙስ ጉባኤው ላይ ያቺ የማኅበራቱ መሪ ትነሳና የልቧን ትናገር። ስትጨርስ አንተ ተነስተህ ይችን ትላታለህ። ከዚያ ወዲያ ማኅበራቱን የሚሰማ አይኖርም።»

«የዳገቱ ሰፈርስ? እዚያ ጭራሽ ፈረቃ የለም ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

ቀስበሉ ወረቀቱን አጠፈ።

«ፌርማታው ላይ አብራችሁ አይቻችኋለሁ» አሉ አጎቱ ለስለስ ብለው። «ምንም አላልኩህም፤ አሁንም አልልህም። ግን ካሳደግሁህ ጀምሮ አንድ ነገር ለምኜህ አውቃለሁ?»

እውነታቸውን ነው፤ ለምነውት አያውቁም።

ማክሰኞ ከሥራ መልስ ቀስበሉ ፌርማታው ላይ ቀድሟት ቆመ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ገና ከሩቅ። «ፊትህ መርዶ ነጋሪ መስሏል።»

«ደንባችንን ላፈርስ ነው።»

«ተው።»

«የሰፈሩን ሰው ስለ ውሃው አልጠየቃችሁም?»

ቁንዶ ቀና አለች። ይሄ የምትኮራበት ነገር ነው። ባለፈው ምርመራ ቢሮው «ሰው ሲጠየቅ ማማረር ይወዳል» ብሎ ድካማቸውን ሁሉ ውድቅ አድርጎባቸው ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ለበጎ ፈቃደኞቿ ጥብቅ ትእዛዝ ሰጠች፤ ሰው አትጠይቁ፣ ቧንቧውን ክፈቱ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ሂዱ። ልጆቹ ሁሉ ሠራተኞች ስለሆኑ የሚወጡት እሁድ እሁድ ነው።

«አንድም ሰው አልጠየቅንም» አለችው። «እንከን እንዳታወጡልን።»

«እንከኑ እሱ ነው» አላትና ስለ ፈረቃው ነገራት።

አውቶቡስ መጥቶ ሄደ። አልገቡበትም።

«ማን ነው የላከህ?» አለች በመጨረሻ።

«ማንም።»

«አጎትህ ናቸው። ሐሙስ አፌን እንድይዝላቸው ነው።»

«አፍሽን ያዢ አላልኩም። ሄደሽ እዪ ነው ያልኩሽ።»

«ሰው ለሚወዳት ሴት እንዲህ ያለ ነገር አሁን ይዞ ይመጣል? ጉባኤው በር ላይ ደርሶ?»

«የሚወዳት ከሆነማ ይመጣል» አላት። «የማይወዳት ቢሆን ሐሙስ ድረስ ይጠብቅ ነበር።»

እንደሚወዳት በቃል ነግሯት አያውቅም ነበር። እንዲህ በጭቅጭቅ መሃል ይነገረኛል ብላም አልጠበቀችም። ልቧ በአንድ በኩል ሞቀ፣ በሌላ በኩል ተቃጠለ። ቀጣዩ አውቶቡስ ሲደርስ ጥላው ገባች፤ በመስኮትም አላየችውም።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቃ ታችኛው ሰፈር ወረደች። የመጀመሪያውን ቦኖ ስትከፍተው ውሃው ተፈናጥሮ ያለቀ ጫማዋን አራሰው። ቆማ ቀረች።

«ምነው ልጄ፣ ውሃ አይተሽ አታውቂም?» አሏት ጀሪካን የሚሞሉ አንዲት ሴትዮ።

«ሁልጊዜ ይመጣል?»

«ከእሁድ በቀር ይመጣል። ባለፈው ልጆች መጥተው ከፈቱት፣ ዘጉትና ሄዱ። እንንገራችሁ ብንል ጆሮ አልሰጡንም።»

ቁንዶ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የከተማውን ቧንቧ ሁሉ በእናቷ ቧንቧ ለክታው ነበር። ደረቅ ነው ሲሏት ደስ እያላት ነው ያመነችው። አፈረች፤ ፊቷ እስኪግል አፈረች።

ከዚያ ተነስታ ዳገቱን ወጣችና በር ለበር እያንኳኳች ጠየቀች። መጨረሻ ላይ እናቷ ቤት ደረሰች።

«እማዬ፣ ከእሁድ ሌላ እዚህ ውሃ የሚመጣበት ቀን አለ?»

«አመመሽ እንዴ?»

«ልጠይቅሽ ብዬ ነዋ። መልሺልኝ።»

«ሪባኑ የተቆረጠ ዕለት የማዘጋጃ ቤት ሰዎች በቦቴ ሞልተውት መጣ። ከዚያ ወዲያ ጠብ አላለም።» እናቷ ትኩር ብለው አዩዋት። «ደግሞ ማን ነው ጠይቂ ያለሽ? የቢሮ ሰው ነው?»

«በምን አወቅሽ?»

«ተናደሻል፣ ግን ደስም ብሎሻል። የቢሮ ሰው እኮ ሲያናድድሽ እንጂ ደስ ሲያሰኝሽ አይቼ አላውቅም።» እናቷ ሳቁ። «ለማንኛውም፣ ይህን ዳገት የወጣ የቢሮ ሰው እስካሁን አላየሁም። ይሄኛው ይወጣ እንደሆነ እናያለን።»

ያን ዕለት ከሰዓት ባልደረቦቿን ሰብስባ ስህተቱን ነገረቻቸው። አንዱ «ዝም ብንልስ? ምናልባት አያውቁ ይሆናል» አላት። «ያውቃሉ» አለች። ከማን እንደሰማች ግን አልነገረቻቸውም።

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ቀልድ አያውቁም። ከፊት ወንበር አጎቱ፣ አጠገባቸው ቀስበሉ። ቁንዶ ማይኩን ያዘች።

«መጀመሪያ ስህተታችንን ልናገር» አለች።

አጎቱ ቀስ ብለው ወደ ቀስበሉ ዞሩ። እሱ ፊት ለፊቱን ያያል።

«የታችኛው ሰፈር ቦኖዎች ደረቅ ናቸው ብለን ጽፈናል። አይደሉም፤ በፈረቃ ውሃ ያገኛሉ። እኛ የሄድነው በማይመጣበት ቀን ነው። የሕዝብ ድምፅ ነን እያልን ሕዝቡን አልጠየቅንም። ሰው አትጠይቁ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።»

ከኋላ ጉምጉምታ ተነሳ። አንድ ሰው ሳቀ።

«ትናንት ግን ጠይቄያለሁ። የዳገቱን ሰፈር በር ለበር ጠይቄያለሁ። እዚያ ፈረቃ የለም፣ በየትኛውም ቀን ውሃ የለም። ሪፖርቱ ግን ተጠናቋል ይላል። እኛ ሰው ሳንጠይቅ ደረቅ ነው አልን፤ ቢሮው ሰው ሳይጠይቅ ተጠናቋል አለ። እኛ የራሳችንን አርመናል። ቢሮውስ?»

«ቢሮው መልስ አለው?» አሉ ዳኛዋ።

አጎቱ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ። «ተነስ። በገዛ አፋቸው ተሳስተናል ብለዋል፤ የዳገቱንስ ማን ያምናቸዋል በል። በቃ፣ ይችን ብቻ በል።»

ቀስበሉ ተነሳ። ወረቀቱን ገለጠ፣ መልሶ ዘጋው።

«ቀላል ጥያቄ ነው» አሉ ዳኛዋ። «የዳገቱ ቦኖ ውሃ ሲሰጥ በዓይኑ ያየ ከቢሮው አለ?»

አጎቱን አየ። አሳድገውታል። ቁንዶን አየ። እሷ አላየችውም፤ አጎንብሳ ጫማዋን ታያለች። እንዳይጨንቀው ብላ እንደሆነ ገባው።

«የለም» አለ። «ቧንቧው መተከሉን እናውቃለን። ውሃውን ያየ የለም። ምዕራፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተጠናቋል የሚለው ይውጣልኝ።»

ዳኛዋ የዳገቱ ሥራ «አልተጠናቀቀም» ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዙ። ፓምፑ ተረፈ። አጎቱ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ቦርሳቸውን አነሱ፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ። መነጽራቸውን ወንበሩ ላይ ረስተውት ነበር፤ ቀስበሉ ያንን አይቷል። ዕድሜ ልኩን የሚረሳው አይመስለኝም።

ወዲያው ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ፤ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለው ክፍል። የሚወጣበት በርም ሰዓትም ስለተለወጠ ቁንዶ ፌርማታው ላይ ብትጠብቅ ብትጠብቅ አጣችው። ስልክ ልትደውል አስባ ስንቴ ተወችው። ምን ትበለው? እናቴ ፓምፕ አገኘች፣ አንተ አባት አጣህ ትበለው?

አንድ እሁድ እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ፣ አንድ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን ሲታገለው አየች። ጥቂት ይራመዳል፣ ያስቀምጠዋል፣ ይተነፍሳል፣ ደግሞ ያነሳዋል። ሲቀርብ ሸሚዙ ግማሹ በላብ፣ ግማሹ በውሃ ርሷል።

«ክዳኑ ያፈሳል» አላት።

«ማንን ጠይቀህ ገዛኸው?»

«ማንንም።»

«አይ አንተ፣ አትማርም ማለት ነው።» ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ቀደማት። «አጎትህስ?»

«በሩን አይከፍቱልኝም። እሄዳለሁ፣ አንኳኳለሁ፣ እመለሳለሁ። ነገም እሄዳለሁ።»

«በእኔ የተነሳ ነው።»

«በአንቺ አይደለም። አላየሁም ነበር፤ አላየሁም አልኩ።» ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ። «ናፍቀሽኛል።»

«እኔም» አለች። ሌላ የምትለው ጠፋት።

«ማን ነው እዚያ?» አሉ እናቷ ከውስጥ።

«የቢሮ ሰው ነው እማዬ።»

«ዳገቱን ወጣ?»

«ወጣ።»

«ውሃ ይዞ?»

«ግማሹን።»

ቀስበሉ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ታገቢኛለሽ?» አላት በአንድ ትንፋሽ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ቀስ በሉ ሲል የኖረው ሰውዬ።

ቁንዶ፣ ያቺ ለሁሉ መልስ ያላት ቁንዶ፣ ዝም አለች።

«ልጄ፣» አሉ እናቷ፣ «እዚህ ሰፈር ስንት ዘመን ሙሉ የሚጠይቀን አጥተን ኖረን፣ ዛሬ ጠያቂ ሲመጣ ዝም ትይዋለሽ?»

«አገባሃለሁ» አለችው።

እናቷ ብርጭቆ ይዘው ወጡ። ከጀሪካኑ ቀዱና መጀመሪያ ለእሱ ሰጡት፤ ቆሞ እስኪጨርሰውም ድረስ ጠበቁት።